የሚንቀጠቀጠው ትሪው ነው

ጥቅምት 8

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣ ለጄሊው፤

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ አንተም ባለቤትህም ልጆችህም በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ አምላክን እለምናለሁ። የኔን ነገር ከጠየቅህ፣ ቆሜ እሄዳለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ፣ ጥርሴም እንደ ድሮው ይስቃል። የጎደለኝ የሰፈር ሰው ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በፖስታ አትልክልኝም።

ስልክ ይቅር ያልኩህ ተቀይሜህ አይደለም። በስልክ የነገርኩህን ሁሉ «እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ» ትልና ስልኩ ሲዘጋ እሺታህም አብሮ ይዘጋል። የስልክ እሺህ የጄሊ እሺ ነው፤ ሲያዩት ያምራል፣ ሲይዙት ይሾልካል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በጽሑፍ እንነጋገር። የጻፍከውን አላልኩም ማለት ያስቸግርሃል።

አሁን አዲሱን ሥራዬን ልንገርህና ሳቅ። የጽዳቱ ሥራ ቀርቶ ፋብሪካ ገብቻለሁ። የምን ፋብሪካ ብትል፣ የጄሊ። እንጆሪ አይቶ የማያውቅ የእንጆሪ ዱቄት፣ ሎሚ ያልነካው የሎሚ ዱቄት ከላይ በቧንቧ ይወርዳል፤ እኛ ከታች ሆነን በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ ሲመጣ አፉ በደንብ ያልተዘጋውን እንለቅማለን። ቀይ በሚታሸግበት ቀን ስንናፈጥ የሚወጣው ቀይ ነው፣ አረንጓዴ በሚታሸግበት ቀን አረንጓዴ። ፀጉሬን ደጋግሜ ታጥቤም ትራሴ እንጆሪ እንጆሪ ይላል።

የዚህ አገር ሰው ጄሊን ከሚበላው ይልቅ የሚያወራው ይበልጣል። የሚበላው የታመመና ጥርስ የሌለው ነው፤ የሚያወራው ግን ሁሉም ነው። የፈራ ሰው ጉልበቴ ጄሊ ሆነ ይላል። ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ጄሊ ነው፣ ያልጨከነ አለቃ ጄሊ ነው። መጀመሪያ ቀን አንዱ ሠራተኛ በዚሁ ቃል ሲሰደብ ሰምቼ ብቻዬን ሳቅኩና ሁሉም ዞረው አፈጠጡብኝ። ይሄን ስድብ እኔ በልጅነቴ ነው የፈጠርኩት ልላቸው ፈልጌ ነበር፣ ቋንቋው አጠረኝ።

ትዝ ይልሃል አይደል? የአባታችን ባልደረባ ከውጭ ያመጣልን የጄሊ ፓኬት። እናታችን በፈላ ውሃ አሟሙታ ትሪ ላይ ገለበጠችው፤ ፍሪጅ ስላልነበረን እንዲረጋ ሥጋ ቤቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ አደረ። በነጋታው አምጣ ተብለህ አንተ ተላክህ። ስትመለስ አባታችን የሰበርከውን መስተዋት ይዞ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። እግርህ ሲንቀጠቀጥ ትሪው ተንቀጠቀጠ፣ ትሪው ሲንቀጠቀጥ ጄሊው። እኔም «ከሁለቱ ጄሊው የትኛው ነው?» አልኩ፤ አባታችን እንኳ ቁጣው ጠፍቶበት ሳቀ። ከዱላ ያዳንኩህ እኔ ነኝ፤ ስሙ ደግሞ ምርቃት ሆኖልህ ቀረ።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ልመለስ ነው። ዛሬ ነገ አልልም፣ ግን ቆርጫለሁ። የወላጆቻችን ቤት የኔም ያንተም ነው፤ ወደ መንገድ የምትወጣው የፊተኛዋ ክፍል ለኔ ትሁነኝ። ጄሊ ቤት እከፍታለሁ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴው በብርጭቆ በብርጭቆ መስኮቱ ላይ ተደርድሮ፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ ሁሉ አፍንጫውን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ ሲያይ አሁን ይታየኛል። ስለዚህ እማማ ክርን የስፌት መኪናሽን ይዘሽ ክፍሉን ልቀቂ በላት። እናታችን ለጥቂት ጊዜ ብላ ነው ያስገባቻት፤ የእናታችን ጥቂት ጊዜ ደግሞ እናታችንን ቀብሮ አሁንም አላለቀም። አክብረህ፣ ግን አስረግጠህ ንገራት።

ሁላችሁንም በሩቁ አቅፌ ስሜአለሁ።

እህትህ

*

ኅዳር 2

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

አስቀድሜ ሰላምታዬ ይድረስሽ። አምላክ ከክፉ ነገር ይጠብቅሽ፣ ከእንጆሪው ዱቄትም ጭምር። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ልጆቹ የፋብሪካሽን ነገር ስነግራቸው አላመኑኝም። ትንሿ «አክስቴ ዝናብ ሲመታት ትረጋለች?» ብላ ጠይቃኛለች፤ መልሱን ካንቺ እንጠብቃለን።

ልመለስ ነው ያልሽውን ሳነብ ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ ደግሜ አነበብኩላት። እሷም የአልጋ ልብስ ማየት ጀምራለች። ቤቱ ካንቺ ወዲህ ጠያቂም ቆጪም የለውም፤ እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ግቢ የውሃ ቆጣሪ ሳነብ እውልና ማታ የራሴን ግቢ ለማየት ጉልበት አይተርፈኝም።

ስለ ትሪው ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። ግን ሁልጊዜ ስትነግሪው አንድ ነገር ትዘይዋለሽ። እናንተ ስትስቁ እማማ ክር ከስፌት መኪናዋ ተነስታ መጥታ ትሪውን ከእጄ ተቀበለችኝ። «ልጁ አይደለም፤ የሚንቀጠቀጠው ትሪው ነው» አለች፣ ለአባታችን። ከዚያ ወዲያ ማንም አልመታኝም። የዳንኩት ባንቺ ሳቅ ይሁን በሷ ቃል እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።

እሷ እንዳለች ናት። ያው የሰፈሩ ሱሪ ሲቀደድ እሷ ጋ ይሄዳል፣ የተማሪ ልብስ ሲጠብ እሷ ጋ ይሄዳል። ዓይኗ ግን ደክሟል። መኪናዋን በልምድ ትነዳዋለች፤ የእጅ መርፌ ላይ ነው የተቸገረችው፣ ቀዳዳው አይታያትም። ስለዚህ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ጎራ እልና ለቀኑ የሚበቃትን መርፌ በየቀለሙ ክር አስገብቼ፣ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰክቼላት እሄዳለሁ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ሰማያዊ። ሥራው የደቂቃ ነው፣ ምርቃቷ ግን እስከ ምሳ ያደርሰኛል።

የክፍሉን ነገር አመቺ ጊዜ አይቼ አነጋግራታለሁ። እናታችን ያስገባቻት ሴት ስለሆነች በአንድ ጊዜ አፍ ሞልቶ ውጪ ማለት ይከብዳል። አንቺ አታስቢ፣ እነግራታለሁ።

ያገናኘን ብዬ እሰናበትሻለሁ።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 24

ይድረስ ለጄሊው ወንድሜ፤

ሰላም ለቤትህ፣ ጤና ለልጆችህ ይብዛ። እኔ በትከሻዬ ካልሆነ በሌላው ደህና ነኝ። ለትንሿ ንገራት፤ ዝናብ ሲመታኝ አልረጋም፤ እዚህ ማንም አይረጋም።

ደብዳቤህን ሳገላብጥ እሺ የሚል ቃል አጣሁበት። «አመቺ ጊዜ አይቼ» ነው ያልከው። ላንተ አመቺ ጊዜ መቼ መጥቶ ያውቃል? ስለ መርፌና ክር ገጽ ሙሉ ጻፍክልኝ፣ ስለ ክፍሉ ግን ሁለት መስመር። እማማ ክርን እኔም እወዳታለሁ። መጀመሪያ የለበስኩትን ቀሚስ የሰፋችው እሷ ናት። ግን እሷ የወንድሟን ልጅ የመሰለ ዘመድ አላት፤ እኔ ያለኝ አንተ ነህ።

እዚህ እንዴት እንደምውል ስላልነገርኩህ ነው። ከመስመሩ ስንነሳ አለቃችን ሰዓት ትይዛለች፤ ሽንት ቤት ገብቼ ስወጣ በሩ ላይ ቆማ የእጅ ሰዓቷን ታሳየኛለች። የልጅ ልጅ ልታይ የምትችል ሴት ነኝ፣ እንደ ተማሪ ጣቴን አውጥቼ ነው የምጠይቀው። ክፍሌን የምትጋራኝ ልጅ ምግቤን አትነካም፣ ሰላምታዬንም አትነካም። ማታ ጋደም ስል የማስበው መስኮቱን ነው። ብርጭቆዎቹን እደረድራቸዋለሁ፣ ቀዩን ከፊት፣ ከኋላው ቢጫውን፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያንን መስኮት ነው አንተ አመቺ ጊዜ የምትጠብቅለት።

እዚህ ሰው ጄሊ አጥንት የለውም እያለ ይቀልዳል። ዋናው ዱቄት ከምን እንደሚሠራ ጠይቄ ነገሩኝ፤ ከከብት አጥንትና ቆዳ ነው። ይቀቀላል፣ ይቀቀላል፣ አጥንት መሆኑን እስኪረሳ። እኔን በየቀኑ እንደዚያ ነው የሚያደርጉኝ። አንተ ግን ማንም ሳይቀቅልህ ነው የቀለጥከው።

አንድ ካርቶን ሙሉ ልኬልሃለሁ። ለልጆቹ አፍላላቸው፣ የቀረውን ለጄሊ ቤቱ መክፈቻ አስቀምጠው። ፖስታ ቤቱ እንዳይሳሳት ስምህን በትልቁ ጽፌበታለሁ፣ እውነተኛውን ስምህን።

ለእማማ ክር ቀን ስጣት። ቀኑንም ጻፍልኝ።

እህትህ

*

ጥር 9

ለእህቴ ለእትዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ትከሻሽስ? በሙቅ ውሃ ጨርቅ ነክረሽ ያዥበት። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

ካርቶኑ ደርሶናል፣ እጅሽ ይባረክ። ልጆቹ ቀዩን ጨርሰው ምላሳቸውን ለሰፈሩ ሁሉ እያሳዩ ዋሉ። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ካርቶኑ ላይ የጻፍሽውን የፖስታ ቤቷ ልጅ በመስኮቱ ጮክ ብላ አነበበችው። «ጄሊው የሚባል ማነው?» አለች። ወረፋው ላይ ከኛ ቢሮ አንድ ሰው ነበር። እጄን አነሳሁ፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ ወዲህ ቢሮው ሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው። እኔ እንደምታውቂኝ ክፍያ ያዘገየ ቤት ስሄድ ቆጣሪውን አንብቤ፣ አስጠንቅቄ፣ ትንሽ ቀን ሰጥቼ እመጣለሁ። አሁን እሱ «የጄሊ ቀጠሮ» ተብሏል። ውሳኔ ላይ የማይደርስ ስብሰባ የጄሊ ስብሰባ ነው። ማኅተም በደንብ ካልያዘ ማኅተሙ ጄሊ ነው። ቃሉን የማያውቁት ጥበቃዎች ሳይቀሩ ሻይ ሲቀጥን «ይሄ የጄሊ ሻይ ነው» ይላሉ። የቡድን መሪ ቦታ ተከፍቶ ነበር፤ ኃላፊው ጠርቶን ሌላ ሰው መረጠ። ምክንያት አልነገረኝም፣ ግን እኔ ስወጣ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሳቁ።

ይሄ ሁሉ ይለፍ። ባለፈው ሳምንት የልጁን አስተማሪ ሄጄ እንድቆጣ ባለቤቴ ነግራኝ ሳልቆጣ ተመለስኩ፤ ሰውየው አስረድቶኝ አሳመነኝ። እራት ላይ ባለቤቴ «ተዉት፣ አባታችሁ ጄሊ ነው» አለቻቸው። በተጋባንበት ዘመን ሁሉ ያንን ስም ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ልጆቹም አልሳቁም። ብቻ ዳቦ ዳቦአቸውን በሉ። እኔም በላሁ።

ስለዚህ እትዬ፣ እባክሽ ስሙን ከእንግዲህ ፖስታ ላይ አትጻፊብኝ። በወረቀቱ ውስጥ እንኳ ብትተዪልኝ ደስ ይለኛል።

እማማ ክር ጋ ልነግራት ቆርጬ ሄጄ ነበር። ገና በሩ ላይ ሳለሁ የኮቴን ክንድ ያዘችና ተተርትሯል ብላ አስወለቀችኝ። ስትሰፋልኝ በሸሚዝ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ስለ እናታችን አወራችኝ። ኮቱን አለበሰችኝና በእጇ ጠራረገችልኝ። ተሰፍቶልኝ ወጣሁ፣ የሄድኩበትን ሳልነግራት። እውነቱን ብነግርሽ ይሻላል ብዬ ነው።

ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።

ወንድምሽ

*

ጥር 28

ለወንድሜ፤

ጤና ይስጥህ።

ኮትህ ስለተሰፋ ደስ ብሎኛል። እኔ እዚህ ስቀደድ የሚሰፋኝ የለም።

ስም ነው ያስቸገረህ? ስም የሚጣበቀው የሚይዘው ሲያገኝ ነው። እኔንም በልጅነቴ ስንት ስም ሰጥተውኛል፣ አንዱም አልያዘኝም። ባለቤትህ በዚያ ስም ከጠራችህ ስሙን አይደለም የምትወቅሰው። ስንት ዓመት አብራህ ኖራ ነው ያየችውን የተናገረችው። አባታችን እያለ በሱ አመካኘህ፣ እናታችን እያለች በሷ፤ ዛሬ ደግሞ በአንዲት አሮጊት ሰፊ።

የመጨረሻ ቃሌ ይኸው። ክፍሉን አስለቅቅ፣ ካልሆነ እኔ ለጠበቃ እጽፍና ድርሻዬን ለማላውቀው ሰው እሸጣለሁ። ያ ሰው ያኔ እማማ ክርን ብቻ አይደለም የሚያስወጣው፤ አንተንም ልጆችህንም ቤቱን በግድግዳ ከፍሎ ያጨናንቃችኋል። በሕይወትህ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ሳትንቀጠቀጥ የሆነ ነገር አድርግና ወንድም አለኝ ልበል።

እስከዚያ አትጻፍልኝ።

እህትህ

*

መጋቢት 4

ለእህቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ያልሽው ተፈጽሟል።

ክፍሉ ባዶ ነው። እማማ ክር እሑድ ጠዋት ወጣች። ክረምቱን ልለፍ አለችኝ፣ አይሆንም አልኳት። በእጇ የያዘችውን የሰው ልብስ ጨርሳ እስክታስረክብ ጊዜ ጠየቀችኝ፣ እሱንም አልሰጠሁም። ጎረቤቶች ተሰብስበው መጥተው ነበር፤ ወደ ውስጥ ግቡ ሳልላቸው በር ላይ አናግሬ መለስኳቸው። ባለቤቴ ተው አለችኝ። እሷንም መልሻታለሁ።

ግድግዳው ላይ የመኪናዋ ዘይት የነካው ቦታ አለ፣ በውሃ አይለቅም፤ ቀለም ያሻዋል። ምን ዓይነት ቀለም እንደምትፈልጊና መቼ እንደምትመጪ ጻፊልኝ። ሁለት ቁልፍ አለ፤ አንዱ ያንቺ ነው።

ወንድምሽ

*

የካቲት 27

ለምወድህ ወንድሜ፤

ይህን የምጽፍልህ መልስህን ሳልጠብቅ ነው። ካንተ ደብዳቤ ጋር መንገድ ላይ ካልተላለፍን በቀር መጀመሪያ የሚደርስህ ይሄ ነው። ሰላምና ጤና ለሁላችሁም፤ ለትንሿ ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ።

ስማ፣ ባለፈው የጻፍኩልህን ቅደደው። ትከሻዬ ታሞ፣ አለቃዬም በሰው ፊት አዋርዳኝ፣ የሷን ቁጣ ሁሉ ላንተ ነው የላክሁት። ለጠበቃም አልጻፍኩ፣ ማንንም አላነጋገርኩ። የምን ጠበቃ ነው የማውቀው።

ደግሞ ነገሩ ተቀይሯል። ያቺ ሰዓት የምትይዘው አለቃ ለቀቀች፣ ቦታዋን ለማን ሰጡ ብትል፣ ለኔ። ነጭ ካፖርት አለኝ፣ ወንበርም አለኝ። የመኖሪያ ወረቀቴም ጉዳይ በዚሁ ይስተካከላል ብለውኛል። ትናንት አንዷ ሠራተኛ ሽንት ቤት ቆየችና ሳላስበው የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ወንበሩ ነው መሰለኝ እንዲህ የሚያደርገው። ለማንኛውም ይሄንን ትቼ ልመጣ አልችልም። ጄሊ ቤቱም ቢሆን፣ አንተን ብቻ ነው የምነግርህ፣ እንቅልፍ እስኪወስደኝ የማወራው ወሬ ነበር። ማነው እዚያ በብርጭቆ ጄሊ የሚገዛ?

እማማ ክርን እንዳትነካት። ትኑርበት። ያን ሁሉ ያልኩህ አንተን ጠንከር ለማድረግ ነበር እንጂ እኔ ያልኩህን መቼ አድርገህ ታውቃለህና ነው የምሰጋው። ለዚህ ለዚህስ ጄሊነትህ ጠቀመን።

በናፍቆት፣ እህትህ

*

መጋቢት 29

ወንድሜ ሆይ፤

ሰላምታ ለመጻፍ እጄ አልታዘዘኝም፣ ይቅር በለኝ። ደብዳቤህ ደረሰኝ። ቀኑን ደጋግሜ አየሁት።

ምን ነካህ? እንደ ሰው ቁጣዬን ሰምተህ ማለፍ አቃተህ? ዕድሜህን ሙሉ ያልኩህ ሁሉ በአንዱ ጆሮህ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ኖሮ፣ ከነገርኩህ ሁሉ መርጠህ ይሄን ትሰማኛለህ? የያዘችውን ልብስ እስክትጨርስ እንኳ? ይሄን እኔ አላልኩህም። ጎረቤት በር ላይ መልስ አላልኩህም። እሱን ከራስህ ነው ያመጣኸው።

አሁን ያለፈው አለፈ። ገንዘብ ልኬአለሁ፤ ያለችበትን ፈልገህ ሂድ፣ እግሯ ላይ ወድቀህም ቢሆን መልሳት። ክፍሉን አስቀባላት፣ መስኮቱን አሳድስላት፣ ኪራይም አትቀበላት። ተሳስተን ነው በላት። ወይም እህቴ ነች በላት፣ እኔን ስደበኝ፣ ግድ የለኝም።

ጄሊዬ፣ እባክህ መልሳት። ፈጥነህ ጻፍልኝ።

እህትህ

*

ሰኔ 3

ለእህቴ፤

በደህና እንዳለሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ገንዘቡን መልሼ ልኬዋለሁ፣ ሲደርስሽ አሳውቂኝ።

የጠየቅሽውን ልንገርሽ። ሄጄ ነበር። ያለችው የወንድሟ ልጅ ቤት ነው፣ ከከተማው ዳር፣ አውቶቡሱ የሚያልቅበት። ቤቱ ለነሱም አይበቃም። መኪናዋ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ስላጣ በረንዳ ላይ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል፤ ዝናቡ ከሥር ገብቶበት ዝጓል፣ ጎማውን ለማዞር ሞክሬ አልዞር አለኝ። ያልጨረሰቻቸውን ልብሶች ባለቤቶቹ እንዳለ ወስደዋቸዋል። አሁን ቁጭ ብላ ነው የምትውለው። ሥራ የለመደ እጅ ነውና የነጠላዋን ጫፍ ስታሸው ትውላለች።

ተመለሽ አልኳት። ያልሽኝን ሁሉ አልኩ፣ ክፍሉም ይቀባል፣ ኪራይም የለም። አልተቆጣችም። «ልጄ፣ ሁለተኛ ውጪ የምትለኝን ቀን እየጠበቅሁ መተኛት አልችልም» አለችኝ። ከዚያ ስላንቺ ጠየቀችኝ። «እህትህ መጣች? ሱቁ ተከፈተላት?» አለች። ያስወጣኋት ለምንም እንዳልሆነ መንገር አቃተኝ። ልትከፍት ነው፣ ቀለሙ እየደረቀ ነው አልኳት። እሰየው አለች፣ እንኳን ለዚህ አበቃት አለችሽ። ምርቃቴን አድርስልኝ ስላለችኝ ነው የጻፍኩልሽ።

እህቴ፣ አላልኩህም ያልሽው ትክክል ነው። በር ላይ መልስ አላልሽኝም። አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ግን ቀለለኝ። ጎረቤቶቹ ሲመጡ ፊታቸው ላይ ያንን ስም ፈለግሁት፣ አልነበረም። ፈርተውኝ ነበር። ደስ አለኝ። ይሄንን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ቢሮም ወሬው ደርሶ ኃላፊው ጠራኝ። «አሁን ረጋህ» አለኝና ውሃ ቆራጮቹ ዘንድ አዛወረኝ። አሁን ቆጣሪ አላነብም። ያልከፈለ ቤት እሄዳለሁ፣ ቧንቧውን እዘጋለሁ፣ አሽጌ እወጣለሁ። ቀጠሮ አልሰጥም። ማንም ጄሊ አይለኝም። ቃሉ ራሱ ከቢሮው ጠፍቷል፤ ሻይ ሲቀጥን ቀጠነ ነው የሚሉት። ባለቤቴ በስሜ ትጠራኛለች፣ ስትጠራኝ ግን ካራቀችኝ ቦታ ሆና ነው። ልጆቹ እየተሳሳቁ ቆይተው እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። አስተማሪውንም ሄጄ ተቆጥቼዋለሁ፤ ልጁ ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት ቤት ነግሮኝ አያውቅም።

የላክሽው ካርቶን ባዶው ክፍል ውስጥ ነው። እርጥበት ገብቶት ዱቄቱ ድንጋይ ሆኗል። ሌላ አትላኪ፣ የሚበላው የለም።

ስትወጣ የሆነውን ያኔ አልጻፍኩልሽም ነበር። መኪናዋ ከባድ ስለሆነ ለብቻዋ አልቻለችውም። ጎረቤት ቆሞ ያያል፣ ማንም አልቀረበም፤ እኔ እንድሸከመው ፈልገው መሰለኝ። በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላው እኔ ይዘን አነሳነው። በዚያው በር ነው ያወጣነው፣ ትሪውን ይዤ የቆምኩበት። ደፉ ላይ ስንደርስ ቆም አለች። ደክሟት መስሎኝ ነበር። ዓይኗ ደካማ ስለሆነ ጎንበስ ብላ ጠጋ አለችና እጆቼን አየቻቸው፣ ቆየት አድርጋ።

«ዛሬስ አልተንቀጠቀጡም» አለች።

ከዚያ መኪናዋን ጋሪው ላይ ጫንነው።

ወንድምሽ